የእማማ አልጣሽ ባለ ሁለት ወንበር

[ደባርቅ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የእማማ አልጣሽ ግቢ። የጥቅምት ጠዋት ነው። ከአጥሩ ጥግ ግማሽ ጎኗ ሸራ የለበሰ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የጣልያን መኪና ቆማለች። ሾፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች።]

ሕሩይ፦ ትውረድ አልኩ እኮ!

እማማ አልጣሽ፦ አትወርድም።

ሕሩይ፦ እማማ፣ ዶሮ ናት!

እማማ አልጣሽ፦ ዶሮ መሆኗን ማን ካደ? ታቅፋለች ነው ያልኩህ። ገና ዘጠኝ ቀን ይቀራታል።

ሕሩይ፦ ቅርጫት ውስጥ እናድርጋታ!

እማማ አልጣሽ፦ ቅርጫቱን ሞክሬው ነበር። መሪ ካላየች አይሆንላትም።

[ሕሩይ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ዶሮዋን ያፈጥባታል። ዶሮዋም መልሳ ታፈጥበታለች። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው ሕሩይ ነው።]

ሕሩይ ደባርቅ ተወልዶ፣ ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ከርሞ የተመለሰ ደላላ ነው። ቤት ያከራያል፣ በቅሎ ያሻሽጣል፣ አይሱዙ ከጫኝ ያገናኛል። የማያውቀው ነገር የለም፤ የማያውቀው ቢገጥመው እንኳ «አላውቅም» የምትለዋን ቃል አያውቃትም። ባለፈው ሳምንት ስልኩ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየ። ሶልያና የምትባል የአዲስ አበባ ነጋዴ ለባለጸጎች የድሮ ስፖርት መኪና እየፈለገች ትገዛለች። ቢደውልላት፣ «ደህና ካገኘህልኝ እስከ ሁለት ሚሊዮን እሄዳለሁ» አለችው። ስልኩን ሳይዘጋ ትዝ ያለችው ይቺ ቀይ መኪና ነበረች፤ ልጅ ሆኖ በአጥሩ ቀዳዳ እያያት ነው ያደገው። መኪናዋ ያለችበትን አገር ግን ለሶልያና አልነገራትም። ደላላ ምንጩን አያሳይም።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። እማማ አልጣሽ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ከዚያም ቀስ ብለው ይሰማሉ። ሰፈሩ «እሳቸው ገና የአምናውን ወሬ ነው የሚሰሙት» ይላቸዋል። ከእንዲህ ያለች አሮጊት መኪና መግዛት ከሕፃን እጅ ሸንኮራ እንደ መቀበል ነው ብሎ ነበር የመጣው።

ሕሩይ፦ በሉ ዶሮዋን እንተዋት፤ ዋጋውን እንጨርስ። ስድሳ ሺህ ብር፣ እጅ በእጅ። ለቁራጭ ብረት ይህን የሚሰጥዎት አያገኙም።

እማማ አልጣሽ፦ አላገኝም። ያርጋልም እንዲሁ ነው ያለኝ።

ሕሩይ፦ የቱ ያርጋል?

እማማ አልጣሽ፦ መካኒኩ ነዋ። «እማማ፣ ይቺ ቆርቆሮ ናት፤ የዶሮ ቤት ትሁንዎት» አለኝ። አዋቂ ነው ያርጋል።

ሕሩይ፦ [ደሙ ፈልቶ] ያርጋል? ያርጋል አዋቂ? አይሱዙ ከመፍታት በቀር ምን ያውቃል! ይቺ እኮ ስፖርት መኪና ናት!

እማማ አልጣሽ፦ ሃምሳ ዓመት ተቀምጣ ምን ስፖርት ትሠራለች?

ሕሩይ፦ ለፍጥነት የተሠራች ማለት ነው! ከዜሮ ተነሥታ በአሥራ ሁለት ሰከንድ መቶ ትገባለች!

እማማ አልጣሽ፦ መቶ የሚባለው አገር የት ነው? ከዳባት ወዲህ ነው ወዲያ?

ሕሩይ፦ አገር አይደለም እማማ፣ ፍጥነት ነው! ውስጧ የመቶ ፈረስ ጉልበት አለ።

እማማ አልጣሽ፦ [ወደ መኪናዋ ጎንበስ ብለው] መቶ ፈረስ? ጃናሞራ ሁሉ ቢታሰስ መቶ ፈረስ አይወጣውም። ገብሱንስ ማን ይችለዋል?

[ሕሩይ ፊቱን በሁለት እጁ ይይዛል።]

እዚህ ላይ ስድሳ ሺውን ቆጥሮ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ግን ሕሩይ አንድ ሰው ሳይገባው ትቶት መሄድ አይሆንለትም። አጠገቡ ያለውን የድንጋይ መደብ አራግፎ ተቀመጠ።

ሕሩይ፦ ይስሙኝ። እንዲህ ያለችው መኪና «ክላሲክ» ነው የምትባለው።

እማማ አልጣሽ፦ ማን ነው የሚላት? እኔ ቀይቱ ነው የምላት።

ሕሩይ፦ ክላሲክ ማለት... እያረጀ ሲሄድ ዋጋው የሚጨምር ማለት ነው።

እማማ አልጣሽ፦ እኔስ ታዲያ?

ሕሩይ፦ እርስዎ ምን?

እማማ አልጣሽ፦ አርጅቻለሁ። ዋጋዬ ሲጨምር ግን አላየሁም።

ሕሩይ፦ ሰው ሌላ፣ መኪና ሌላ! ሰዎቹ የሚገዙት ብረቱን እንዳይመስልዎት፤ ትዝታውን ነው። ልጅ ሳሉ እንዲህ ያለች መኪና በመንገድ ውልብ ስትል አይተው ተመኙ፤ አጡ። አሁን ጸጉራቸው ሲሸብት ገንዘብ አገኙ።

እማማ አልጣሽ፦ እህ... የኔን ትዝታ ነዋ የሚገዙኝ። እኔ ምን ይቀረኛል?

ሕሩይ፦ የርስዎን አይደለም፤ የራሳቸውን ነው።

እማማ አልጣሽ፦ የራሳቸው ከሆነ ከኔ ምን ይገዛሉ?

ሕሩይ፦ [መነጽሩን በሸሚዙ ጠርዝ ይወለውላል]

እማማ አልጣሽ፦ ተወው፤ ለኔ አይገባኝም። ገዝተዋትስ ወዴት ይሄዱባታል?

ሕሩይ፦ የትም! ክላሲክ አይነዳም። ጋራዥ አስገብተው ያቆሟታል።

እማማ አልጣሽ፦ ያቆሟታል?

ሕሩይ፦ ሸራ አልብሰው።

እማማ አልጣሽ፦ ጥግ ላይ?

ሕሩይ፦ ጥግ ላይ። እየቆየች ዋጋዋ ይጨምራል።

እማማ አልጣሽ፦ አንተ! እኔ ይህንኑ ስሠራ ሃምሳ ዓመቴ እኮ ነው። ሰው ጅል ሲለኝ፣ ለካ ባለጸጋ ኖሬያለሁ!

[ሕሩይ ደነገጠ። የቢላው ስለት ወደ ራሱ እንደ ዞረ ገብቶታል።]

ሕሩይ፦ ማለቴ... እንዲያው የአንዳንዷ ዋጋ ነው የሚጨምረው። በሉ እሺ፣ መቶ ሺህ። ለርስዎ ስል።

እማማ አልጣሽ፦ ስድሳ አልነበረም?

ሕሩይ፦ ነበር። ጨመርኩ።

እማማ አልጣሽ፦ እውነትህን ነው ለካ፤ እየቆየች ትጨምራለች። ከጠዋት እስካሁን አርባ ሺህ! በል እስከ ምሳ እንያት።

ሕሩይ፦ እማማ፣ እንዲያ አይደለም የሚሰላው!

እማማ አልጣሽ፦ እሺ ልጄ። እስከዚያው ላጽዳት፤ እንግዳ ፊት እንዲህ ቆሽሻ ስትቆም ነውር ነው። [እርጥብ ጨርቅ አንሥተው ወደ ኮፈኑ ይሄዳሉ]

ሕሩይ፦ [ዘሎ ተነሥቶ] እንዳይነኳት! አቧራዋን እንዳይነኩት!

እማማ አልጣሽ፦ ምነው? ታቦት ነው?

ሕሩይ፦ አቧራው ራሱ ዋጋ አለው! ሳትነካ ሳትቀባ የተገኘች ኦሪጅናል መሆኗን የሚመሰክረው እሱ ነው! አሁን ሰው እንዲህ ያለችውን ነው የሚሻማው!

እማማ አልጣሽ፦ የሚያዝያን ነፋስ በከንቱ ስንረግመው ኖርን በለኛ። [ጨርቁን ቀስ ብለው ያስቀምጣሉ] እንግዲህ አቧራውም ከገባበት ዋጋ ይጨመርበታል?

ሕሩይ፦ [ምላሱን ነክሶ] ...ሁለት መቶ። የመጨረሻዬ ነው። ያርጋል ይቺን ቆርቆሮ ሲላት እኔ ሁለት መቶ ሺህ እሰጣለሁ።

እማማ አልጣሽ፦ ያርጋልማ ስለ ታርጋዋም ነግሮኛል። «ይህ የበጌምድር ታርጋ ዘመኑ ያለፈበት ነው፤ ነቅለው ለአጥር ይምቱት» አለኝ።

ሕሩይ፦ ለአጥር! [ራሱን ይዞ ይዞራል] ያንን ታርጋ ለአጥር! ይህ ሰው መካኒክ ነው ወይስ የአገር ጠላት? ታርጋዋ ካልተነቀለ ነው እኮ ክብሯ! አሁን የቤንዚን መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የሚገባው የኤሌክትሪኩ ብቻ ነው። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አንዲቷ ቤንዚን መኪና እንደ ወርቅ ናት! ታርጋው ካለ፣ ሊብሬው ካለ፣ ዋጋዋ እጥፍ ነው እማማ፣ እጥፍ!

[ሕሩይ የተናገረውን መልሶ ሊውጠው የፈለገ ይመስላል። እማማ አልጣሽ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ይመለሳሉ።]

እማማ አልጣሽ፦ ሊብሬ የምትለው ይህንን ነው? እኔ ማንበቡ አይሆንልኝም፤ ዓይኔ ደክሟል።

ሕሩይ፦ [ገልጦ] አልጣሽ... በስምዎ ነው! እንዴት በስምዎ ሆነ?

እማማ አልጣሽ፦ ማዳም ናት ያዛወረችልኝ። የመንገድ ሥራው ኢንጂነር ሚስት ነበረች፤ እኔ ካምፑ ውስጥ ተላላኪ ነበርኩ። በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት አገሩ ሲታመስ ባልና ሚስቱ በአንድ ሻንጣ ወጡ። ማዳም ከመሳፈሯ በፊት...

ሕሩይ አልሰማቸውም። ሊብሬውን እያየ በልቡ ያባዛ ነበር፤ ለሶልያና በሁለት ሚሊዮን፣ ከአሮጊቷ በአራት መቶ ሺህ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ በኪሱ ይቀራል። ባሕር ዳር ቤት ታየው።

ሕሩይ፦ አራት መቶ ሺህ! ከዚህ በላይ የኔ አቅም አይደለም። ካላመኑኝ አዲስ አበባ ያለችውን አለቃዬን በጆሮዎ ይስሟት። [አሮጊቷ እንዲደነቁለት የስልኩን ድምፅ ወደ ውጭ አድርጎ ይደውላል]

ሶልያና፦ [በስልክ] ሕሩይ! አገኘህልኝ?

ሕሩይ፦ አግኝቻለሁ! ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ከነታርጋዋ። ሊብሬዋ ይኸው በእጄ ነው!

ሶልያና፦ ጎበዝ! ቃሌን አላጥፍም፤ ሁለት ሚሊዮን።

[ሕሩይ ስልኩን በመዳፉ ለማፈን ይጣደፋል። ረፍዷል።]

ሶልያና፦ የት ናት? ደባርቅ እንዳትለኝ ብቻ!

ሕሩይ፦ ደ... ደባርቅ ምን አላት?

ሶልያና፦ እዚያ አንዲት እናት አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እደውልላቸዋለሁ፤ ስምንት መቶ ሺህ አልኳቸው፣ አይሸጡም፤ ልተዋቸው ስል ደግሞ ራሳቸው ይደውላሉ። «ልጄ፣ ክላሲክ ማለት ምን ነበር?» ይሉኛል በየወሩ። ስንቴ አስረዳኋቸው መሰለህ!

[ሕሩይ አንገቱን ቀስ አድርጎ ያዞራል። እማማ አልጣሽ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል።]

እማማ አልጣሽ፦ አምጣው ልጄ፣ ሰላም ልበላት። [ስልኩን ተቀብለው] ሶልያናዬ፣ እንደምን አለሽ? እናትሽ ተሻላቸው? ተመስገን። እኔም ደህና ነኝ። ይኸው የላክሽው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስተምረኝ ነው። አንቺ ሊብሬው ተራ ወረቀት ነው ብለሽኝ ነበር፤ እሱ እጥፍ ያደርጋል አለኝ። ታርጋው ይቀየራል አልሽኝ፤ እሱ ነክቶ መንቀል ኃጢአት ነው አለ። ቤንዚን መኪና መግባቱ መቅረቱንም አልነገርሽኝም። አቧራው ሳይቀር ኦሪጅናል ነው አሉ! ሁለት ሚሊዮኑን ደግሞ ከራስሽ አፍ ሰማሁት።

ሶልያና፦ ይህን ሁሉ ሕሩይ ነው የነገረዎት?

እማማ አልጣሽ፦ አትቆጪው። ለማስተማር የተፈጠረ ልጅ ነው።

ሶልያና፦ [ተንፍሳ] እሺ እማማ፣ አሸነፉ። ሁለት ሚሊዮን። መጥቼ እንፈራረም?

እማማ አልጣሽ፦ ነይ። ግን ሞተሯ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ሳልነዳት አልፈርምም።

ሕሩይ፦ ማን? ማን ነው የሚነዳት?

እማማ አልጣሽ፦ እኔ ነኛ።

ሕሩይ፦ እርስዎ? ፍሪሲዮን የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ?

እማማ አልጣሽ፦ የግራው ነው። የቀይቱ ሁለተኛ ማርሽ ያስቸግራል፤ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ካልረገጥክላት አትገባልህም። ሞተሯን በየዓመቱ ለመስቀል ካንዴላውን አውጥቼ፣ ዘይት አንጠባጥቤ በእጄ አዞረዋለሁ፤ ዝጎ እንዳይነክስ። ማዳም ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው።

ሕሩይ፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ «መቶ የት አገር ነው» የሚሉኝ ምንድን ነው?

እማማ አልጣሽ፦ አዋቂ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ልጄ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ወንበሩ ተለቀቀ። ሶልያና ባትሪና ጎማ፣ የፍሬን ዕቃና የነዳጅ ቱቦ ከአንድ መካኒክ ጋር ላከች። እሱና ያርጋል አምስት ቀን ተጎንብሰው ከረሙ። ማደያው ቤንዚን ስላልነበረው ከመንገድ ዳር ቸርቻሪ በውሃ ፕላስቲክ እየተለካ ተገዛ። በስድስተኛው ቀን ቀይቱ ሁለቴ አስነጠሰች፣ ጥቁር ጢስ ተፋችና አጓራች። ገበያው ሸቀጡን ጥሎ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ቀሳውስት አጥሩ ሥር ቆሙ። ሶልያናም የውሉን ወረቀት ይዛ ከአዲስ አበባ በጎንደር በኩል ገባች።

ስምምነቱ ዳባት ደርሶ መመለስ ነበር። ወንበሩ ሁለት ነውና እማማ አልጣሽ አብሯቸው የሚሄደውን ራሳቸው መረጡ። ሕሩይ ከሰፈር ዓይን ያን ሰሞን ሁሉ ተደብቆ ከርሞ ያን ቀን ለማየት ብቻ ነበር ብቅ ያለው፤ እጁን ይዘው አስቀመጡት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

እማማ አልጣሽ፦ ያን ጥቁር መነጽርህን አውሰኝ። ነፋሱ ዓይኔን እንዳያስለቅሰኝ።

[እልልታ። መኪናዋ ከግቢው ትወጣለች። ዋናው መንገድ ላይ እማማ አልጣሽ መሪውን ይጠመዝዛሉ።]

ሕሩይ፦ እማማ! ዳባት በወዲያ በኩል ነው!

እማማ አልጣሽ፦ የዳባት መንገድ ሜዳ ነው ልጄ። ሜዳ ላይ ምን ትዝታ አለ?

ሕሩይ፦ ይህ እኮ ወደ ሊማሊሞ ነው! ገደል ነው!

እማማ አልጣሽ፦ ገደሉ ዳር ዳሩን ነው። እኛ መሐሉን ነው የምንይዘው።

[ቁልቁለቱ ይጀምራል። በግራ ቋጥኝ፣ በቀኝ ደመና። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ።]

ሕሩይ፦ ፍሬን! በእመብርሃን፣ ፍሬን ይያዙ!

እማማ አልጣሽ፦ ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚያዘው፤ ፍሬን ይግላል። ይህን አንተ አጣኸው?

ሕሩይ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ] መንዳት አልችልም እማማ! አንድ ቀንም ነድቼ አላውቅም! ሁሉንም ከስልክ ነው ያየሁት!

እማማ አልጣሽ፦ እግዜር ይስጥህ። ዛሬ አንድ እውነት ተናገርክ። ዓይንህን ግለጥ፤ ይህ በስልክ አይታይም።

[ሕሩይ አንድ ዓይኑን ይገልጣል። ከታች ሸለቆው እስከ ዓይን ማብቂያ ተዘርግቷል። ነፋሱ የእማማ አልጣሽን ነጠላ እንደ ሰንደቅ ያራግበዋል።]

እማማ አልጣሽ፦ እዚህ ላይ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማዳም መኪናዋን አቁማ ወረደችና በኔ በር በኩል ዞራ መጣች። «አልጣሽ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ተራ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ሕሩይ፦ [ቀስ ብሎ] እማማ... ያለቅሳሉ እንዴ?

እማማ አልጣሽ፦ መነጽርህ ርካሽ ነው። ነፋስ ያስገባል።

[ስልክ ይጮኻል።]

ሕሩይ፦ ሶልያና ናት። [ሰምቶ] የት ናችሁ ትላለች። ዳባት ያሉ ሰዎች አላየናቸውም አሏት። ውሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እየጠበቀች ነው።

እማማ አልጣሽ፦ ለጥገናው ያወጣሽውን ወይፈኖቼን ሸጬ እመልስልሻለሁ በላት። ምርቃትም አለኝ።

ሕሩይ፦ ምን ማለትዎ ነው? እማማ፣ ሁለት ሚሊዮን ብር እኮ ነው! ውሉስ? ፊርማውስ?

[እማማ አልጣሽ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጠው ማርሹን ወደ ሁለት ይመልሳሉ። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው ወደሚቀጥለው ጠመዝማዛ ይገባሉ።]

እማማ አልጣሽ፦ ፊርማ በእጅ ነው ልጄ። እጄ መሪ ይዟል።